የጠመንጃ ጥይት ራሴ ልሞላ ነው፤ የመጀመሪያ ፕሬሴ የቱ ይሁን?

አዳኙ (ዴንቨር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ኤልክና አጋዘን አደን እወጣለሁ። ጠመንጃዬ .30-06 ነው። የተኮስኩበትን ቀለሃ አንዱንም አልጣልኩም፤ አሁን ሁለት የቡና ጣሳ ሞልቷል። ለልምምድም ለአደንም በዓመት 200 ጥይት ገደማ ይበቃኛል። ለፕሬሱ (እጀታው እየተጫነ ጥይት ለሚሞላበት መሣሪያ) እና ለሌላው ዕቃ 400 ዶላር አስቀምጫለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «ፕሮግረሲቭ ግዛና ተገላገል» ይለኛል። ሌላው «ለጀማሪ ሲንግል ስቴጅ ነው» ይላል። ጋራዥ ውስጥ ቀለል ያለች የእንጨት ጠረጴዛ አለችኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ብረት ሠራተኛው (ቴክሳስ)፦
ወንድሜ፣ ለ200 ጥይት ፕሮግረሲቭ ምን ያደርግልሃል? ሲንግል ስቴጅ የሚይዘው አንድ ዳይ (ቀለሃውን ቅርጽ የሚያስይዝ ወይም አረሩን የሚተክል ብረት) ነው። እጀታውን አንዴ ስትጫን አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። 50 ቀለሃ ካለህ መጀመሪያ የሃምሳውንም ቅርጽ ወደ ልኩ ትመልሳለህ። ፕራይመር (ቀለሃው ቂጥ ላይ ሆኖ ባሩዱን የሚለኩሰው) እና ባሩድ ከገባ በኋላ ዳዩን ቀይረህ በሃምሳውም ላይ አረር ትተክላለህ። ፕሮግረሲቭ ግን በአንድ ጭነት በየጣቢያው ያሉትን ቀለሃዎች በሙሉ ይሠራል። ፈጣን ነው፤ ግን ዓይንህ አንዱ ጣቢያ ላይ ሳለ ሌላው ጋ ያለው ስህተት ያመልጥሃል። ባሩድ ያልገባበት ወይም በዝቶ የገባበት ጥይት ደግሞ ቀልድ አይደለም።

የጠመንጃ ቀለሃ ረጅም ነው፣ አንገትም አለው። ወደ ልኩ ለመመለስ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ አካሉ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ከከባድ ብረት የተሠራ ፕሬስ ፈልግ። የአርሲቢኤስ ሮክ ቸከር ወይም የሊ ክላሲክ ካስት ይበቃሃል። ሊው ላይ የምወድለት ነገር፣ ያገለገለው ፕራይመር ቀለሃውን ወደ ዳዩ በሚገፋው ዘንግ ውስጥ ወደ ታች ስለሚወርድ ወለል ላይ አይበተንም። ዳዮችህም አይባክኑም። የመጠምዘዣ ጥርሳቸው ልክ 7/8-14 (ውፍረቱ 7/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ) ስለሆነ ነገ ፕሬስ ብትቀይር አብዛኞቹ ላይ ይገጥማሉ።

የጋራዥ ሰው (ቨርጂኒያ)፦
ተሬት የሚባለውንም አትርሱት እንጂ። ዳዮቹ ክብ ራስ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ መፍታት ሳያስፈልግህ ራሱን ታዞረዋለህ። ወደፊት የሽጉጥ ጥይትም መሙላት ካሰብክ እሱን ግዛ። ለ.30-06 ብቻ ከሆነ ግን ከላይ በተባለው እስማማለሁ።

እኔ የምጨምረው ስለ ቅባት ነው። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንድ የ.308 ቀለሃ ሳልቀባ ዳዩ ውስጥ አስገባሁ። ሲገባ ከበደኝ፤ እኔ ደግሞ በጉልበት ጫንኩት። ስመልሰው ሼል ሆልደሩ (ቀለሃውን ከሥሩ የሚይዘው ብረት) የቀለሃውን ጠርዝ ገሽልጦ ወረደ፣ ቀለሃው ግን እዚያው ተቀርቅሮ ቀረ። ቂጡን በድሪል በስቼ፣ ጥርስ አውጥቼለት፣ በብሎን ስቤ ነው ያወጣሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀለሃ ስስ አድርገህ ቀባ። ትከሻው (ወደ አንገቱ የሚጠበው ቦታ) ላይ አታብዛ፤ ከበዛ ቀለሃው ይሰረጎዳል። ከበደኝ ካልክ ደግሞ እዚያው አቁም።

ጠረጴዛህንም አጠንክራት። ወፍራም ጣውላ ደርብባት፣ ፕሬሱን በብሎን አጥብቀህ እሰር፣ ጠረጴዛዋንም ከግድግዳው ጋር አያይዛት። እጀታውን ስትጫን ጠረጴዛዋ ከተነሳች ሥራው አይጥምህም።

ኢላማ ወዳዷ (ሚኒሶታ)፦
ወንድሜ፣ ሁሉም ስለ ፕሬስ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ከ400 ዶላርህ ላይ መጀመሪያ የሚዛኑን ቆርጠህ አስቀምጥ እላለሁ። ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው። በአንድ ፓውንድ ውስጥ 7,000 ግሬን አለ፤ ምን ያህል ትንሽ መለኪያ እንደሆነ ከዚህ ተረዳ። ማረጋገጫ ክብደት ያለው ሚዛን ግዛና ሥራ በጀመርክ ቁጥር ፈትሸው። ካሊፐርም (ርዝመት በትክክል የሚለካው መሣሪያ) የግድ ነው፤ ቀለሃ በተተኮሰ ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል። የ.30-06 ጣሪያው 2.494 ኢንች ነው፣ ሲቆረጥ ወደ 2.484 ይመለሳል።

የባሩዱን ልክ ከታተመ የመሙያ መጽሐፍ ብቻ ውሰድ፤ ጓደኛ የነገረህን አትከተል። መነሻ ተብሎ ከተጻፈው ጀምር። ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥ። መነጽር አድርግ። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ያገለገለ ፕራይመር ላይ እርሳስ አለ። ልጆች ቤት ካሉ ባሩዱንም ፕራይመሩንም ቆልፍባቸው።

ብረት ሠራተኛው (ቴክሳስ)፦
እህቴ ልክ ነሽ። የአያቶቻችን ውጅግራ ሲሠራ የታሰበው ለጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ጠባዩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ አንዱን በሌላው ስፍር መተካት አደጋ ነው።

አዳኙ (ዴንቨር)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲንግል ስቴጅ እገዛለሁ፤ ሚዛኑን ግን አስቀድማለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ትርፍ ካለኝ ለአደን ጓደኞቼ መሸጥ እችላለሁ? ያገለገለ ፕሬስ ብገዛስ?

የጋራዥ ሰው (ቨርጂኒያ)፦
መሸጡን ተወው። አሜሪካ ውስጥ ለራስህ መሙላትና ለንግድ መሙላት ይለያያሉ፤ ጥይት እየሞላ የሚነግድ ሰው የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልገዋል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የእኛን አይታችሁ እንዳትጀምሩ። እዚያ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው የሚተዳደረው።

ያገለገለ ፕሬስ ግን ግዛ፣ ችግር የለውም። የከባድ ብረት ፕሬስ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዘንጉን እስከ ላይ አውጣውና በእጅህ ወዝውዘው። ብዙ ከተንገዳገደ ተወው። ዳዩ የሚገባበትን ጥርስ በባትሪ እያበራህ እየው። ላዩ ላይ ትንሽ ዝገት ቢኖር በዘይትና በብረት ሱፍ ይለቃል፤ አካሉ ላይ ስንጥቅ ካየህ ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰደው።