ጥቆማ፦ ለሥራም ለሽርሽርም የምትሆን ቫን (ባሕር ዳር)

የሦስት ልጆች አባት፦ ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። መኪና ልገዛ ነው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራ እሄድበታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እናቴን ጨምሮ ሰባት ሆነን ጢስ ዓባይ፣ ሲመቸን ጎርጎራ። ወንበር አጥፌ ፍራሽ ብዘረጋባት ደስ ይለኛል። ኖህ (ትንሿ የቶዮታ ቫን) ይሻላል ወይስ 5ኤል ዶልፊን (የድሮው የቶዮታ ሚኒባስ፣ 5ኤል የሞተሩ ስም ነው)? ሳልገዛ የሚያይልኝ ጋራዥም ጠቁሙኝ።

ዓባይ ማዶ፦ ኖህ። ሌላ አትስማ።

የድሮ ሹፌር፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መንገድህን እወቅ። ለከተማና ለአስፋልት ኖህ ምቹ ናት። ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ናት። ወለሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ እናትህ ሳይቸገሩ ይገባሉ። ዋልካ ላይ ግን ያው ዝቅታዋ ጠላትህ ነው። ፎገራ ላይ በሐምሌ ከአስፋልት ወረድ ካልክ በበሬ ተጎትተህ ነው የምትወጣው። ደግሞ ኖህ ለጃፓን የተሠራች ቀኝ መሪ ናት። እኛ ጋ ያለችው መሪዋ የዞረ ነው። ማን እንዳዞረው አይታወቅም፣ ስለዚህ መሪውን በደንብ አስፈትሽ።
ዶልፊን ናፍጣ ናት፣ 3 ሺህ ሲሲ ገደማ፣ ተርቦ (ለሞተሩ አየር አምቆ ጉልበት የሚጨምረው) የላትም። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል። እኛ ያለነው 1,800 አካባቢ ነው። ሰባት ሰው ጭነህ ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ ግን የትም ብትቆም የሚፈታታት መካኒክ አታጣም። አባዱላ (ከዶልፊን በኋላ የመጣችው የቶዮታ ሚኒባስ) ባለ 1ኬዲ ሞተሯ ጉልበት አላት። ኖዝሏ (ናፍጣ የሚረጨው) ግን ቆሻሻ ናፍጣ አይችልም። የበርሜል ናፍጣ ከቀዳህባት አለቀልህ።

ናፍጣ ብቻ፦ ኖህ ገዝተህ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ስታድር ታስታውሰኛለህ።

የተታለለች፦ እኔ ልንገርህ። አምና ዶልፊን ገዛን። ሻጩ "የቤተሰብ መኪና ናት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ አታውቅም" አለን። ያየናት በማለዳ፣ በብርድ ነው። ጽድት ያለች፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ የለበሰ። በሳምንቱ የሚያዝያ ፀሐይ ላይ አቁመናት ዋልን። በሩን ስንከፍተው አምባዛ! ለካ ወንበሯን አውልቀው ዓሣ ሲያመላልሱባት ኖረዋል። ባለቤቴ ምንጣፉን ሲገልጠው ወለሉን ዝገት በልቶት እጅ ያስገባል። ደላላው ስልክ አያነሳም። ልጄን ክፍሏ ውስጥ "ዓሣ" ይሏት ጀመር።

ዓባይ ማዶ፦ 😂 ኖህ ብያለሁ።

ሽታ አጥፊ፦ እህቴ፣ ሎሚ በጨው እሹበት። ከዚያ የተፈጨ ቡና በሰሃን አድርጋችሁ አሳድሩበት።

የቀበሌው ጎረምሳ፦ ለጾም ጊዜ ጥሩ መኪና ናት።

ማኅሌት ቋሚ፦ ዓሣ በጾም አይበላም!

የቀበሌው ጎረምሳ፦ እኔ ልንዳት አልኩ እንጂ ልብላት አልኩ?

ሽታ አጥፊ፦ ከሰልም ይሠራል። በቡናው ግን እኔ ምስክር ነኝ።

የተታለለች፦ ቡናውን ሞክረነዋል። አሁን የሚሸተው ቡና የጠጣ ዓሣ ነው።

የጋራዡ ደንበኛ፦ ስለ ጋራዥ ለጠየቅከው፣ ከእኔ መካኒክ በላይ ከተማው ውስጥ የለም። ሁለት ጊዜ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ተቃጥሎብኝ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ነው የሠራልኝ።

የቀበሌው ጎረምሳ፦ መጀመሪያ በደንብ ቢሠራው ሁለተኛው ለምን ተቃጠለ?

የጋራዡ ደንበኛ፦ እሱ ምን ያድርግ? ዕቃው ነው እንጂ። ሰውየው ወርቅ ነው።

አዲሱ ኤሌክትሪክ፦ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከጥር 2016 ጀምሮ ተከልክሏል። የሚሸጡልህ ሁሉ እዚሁ ያረጀውን ነው። ዋጋውም ለዚያ ነው የማይቀመሰው። ኤሌክትሪክ ግዛ።

ናፍጣ ብቻ፦ ጎርጎራ ላይ ቻርጅ ሲያልቅበት በታንኳ ሊጎትተው?

የድሮ ሹፌር፦ ልጁ የጠየቀውን እንመልስለት እስኪ። ስማ ወንድሜ፣ ከእህታችን ታሪክ ተማር። መኪናዋን በቀትር እይ፣ በሯ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ከዋለች በኋላ። ምንጣፉን ራስህ ግለጥ። ሞተሩን ግን ማለዳ፣ ሳይሞቅ አስነሳው። ሻጩ "አሙቄ ጠበቅኩህ" ካለህ በሌላ ቀን ና። ሰማያዊ ጭስ ካየህ ዘይት እየበላች ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አስተያይ። ዶልፊን ከሆነች ተንሸራታች በሯ በየት በኩል እንደሚከፈት እይ። በግራ ከሆነ ልጆችህ የሚወርዱት መኪና በሚመላለስበት በኩል ነው። አዲስ አበባ ከሄድክበት ደግሞ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ በማርሽ ያዛት፣ ፍሬን ላይ አትተኛ።

የተታለለች፦ ጋሼ፣ እርስዎን አምና ባገኝዎት ኖሮ።

ዓባይ ማዶ፦ የኖህ በር በሁለቱም በኩል ይከፈታል። ዝም ብዬ ነው።

ሽታ አጥፊ፦ ዓሣ ስትሉ አማረኝ። ሐይቁ ዳር ጥሩ ጥብስ የት አለ?

(ከዚህ በታች አሥራ አራት መልስ ስለ ዓሣ ጥብስ ነው።)

የሦስት ልጆች አባት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ) አሳምሮ የሚበይድ ሰው ታውቃላችሁ?

የድሮ ሹፌር፦ ገዛህ እንዴ? የትኛዋን?

ዓባይ ማዶ፦ ኖህ ናት አይደል?

የተታለለች፦ ምንጣፉን ገልጠሃል?

የጋራዡ ደንበኛ፦ የኔ መካኒክ ይበይዳል።