አዲስ ፋብሪክ (የዳታ ሴንተር ኔትወርክ) ልንዘረጋ ነው፤ ትዕዛዙ ከመውጣቱ በፊት ምን ልይ?

የራኩ_ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ባለ 8 ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ዳታ ሴንተር ኔትወርክ እያዘጋጀሁ ነው። አሁን ያለን በሁለት ኮር (ማዕከላዊ) ስዊች ላይ የተንጠለጠለ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ በውስጡ የሚከፋፍል አሠራር) ነው። ሉፕ (ፓኬት የሚሽከረከርበት ቀለበት) እንዳይፈጠር ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው ፕሮቶኮል ግማሹን መስመር ዘግቶ ስለሚያስቀምጠው በገዛነው ፍጥነት አንጠቀምበትም። ስለዚህ ወደ ሊፍና ስፓይን ልንሄድ ነው (ሊፍ ሰርቨሮቹ የሚሰኩበት ስዊች፣ ስፓይን ሊፎቹን የሚያገናኘው)፤ ከሥር ቢጂፒ (መንገድ የሚመርጠው ፕሮቶኮል)፣ ከላይ ኢቪፒኤን ቪኤክስላን (በዚያ ላይ የሰርቨሮቹን ኔትወርኮች ጠቅልሎ የሚያሳልፈው)። በየራኩ 2 ሊፍ፣ በጠቅላላው 16። እያንዳንዱ ሊፍ ባለ 25 ጊጋ (ጊጋቢት በሰከንድ) 48 ፖርትና ባለ 100 ጊጋ 8 ፖርት አለው። ስፓይኑ 2 ነው፣ እያንዳንዱ ባለ 100 ጊጋ 32 ፖርት። የውጭ ምንዛሪው የተፈቀደልን ለአንድ ጊዜ ነው፤ የተረሳ ነገር ካለ መልሶ ማዘዝ ወራት ይፈጃል። 2 ስፓይን ይበቃል? ከወዲሁ መጨረስ ያለብኝስ ምንድን ነው?

ፖርት_ቆጣሪ፦
መጀመሪያ ፖርቱን ቁጠር ወንድሜ። ሊፉ በሰርቨር ሲሞላ ከታች 1200 ጊጋ ይመጣል። ከየሊፉ ወደ እያንዳንዱ ስፓይን 2 መስመር ካወጣህ ወደ ላይ ያለህ 400 ጊጋ ነው፣ 3 ለ1 ማለት ነው። ለተለመደው የቢሮ ሥራ ይሄ ችግር የለውም፤ ስቶሬጁም በዚሁ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ግን ይከብዳል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። 16 ሊፍ ሁለት ሁለት መስመር ሲልክ የስፓይኑ 32 ፖርት አለቀ። ገና ሥራ ሳይጀምር ሞላ! ነገ ዘጠነኛ ራክ ቢመጣ የት ትሰካዋለህ? አንዱን ስፓይን ሶፍትዌር ለማደስ ስታወርደው ደግሞ ግማሹ አቅም አብሮ ይሄድና 6 ለ1 ትሆናለህ። ያንኑ 4 መስመር ለ4 ስፓይን አንድ አንድ አድርገህ ብታከፋፍለው፣ አንዱ ሲወርድ 300 ጊጋ ይቀርሃል፣ በየስፓይኑም 16 ፖርት ይተርፋል። የትራንሲቨሩ (ፖርቱ ላይ ተሰክቶ ፋይበሩን የሚቀበለው ዕቃ) ብዛት በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ 64 መስመር፣ 128 ትራንሲቨር። የሚጨምረው የ2 ስዊች ዋጋ ነው። ለአለቃህ ይህንኑ ስሌት በወረቀት አሳየው። መለዋወጫ ትራንሲቨርም አሁኑኑ አብረህ እዘዝ፣ ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ነው ሁሌ የሚረሳው።

ቀዝቃዛ_ኮሪደር፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን የአየሩን ነገር ማንም አላነሳም። ስዊች ሲታዘዝ አየሩ ከፖርቱ ወደ ፓወሩ ነው የሚነፍሰው ወይስ ከፓወሩ ወደ ፖርቱ ተብሎ ይመረጣል፤ የዕቃው ኮድ ራሱ ይለያያል። የሰርቨሮችህ ኔትወርክ ፖርት ከኋላ ስለሆነ ሊፉም ፖርቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይታሰራል። ስለዚህ ቀዝቃዛ አየር በፓወሩ በኩል ገብቶ በፖርቱ በኩል መውጣት አለበት። ተገላቢጦሹን ካዘዝክ ስዊቹ ሰርቨሮቹ የተፉትን ትኩስ አየር እየሳበ ይኖራል። ማራገቢያውና ፓወር ሰፕላዩም አቅጣጫቸው አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ።

ሌላው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። በአሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) መመሪያ ኤ2 የሚባለው ክፍል ላይ ያሉ ዕቃዎች ከፍተኛ የተፈቀደ ሙቀታቸው 35 ዲግሪ ነው፤ ነገር ግን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ብታሰላው አዲስ አበባ ላይ ጣሪያው ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። ክፍሉ ኤሲ አለው ብለህ አትለፈው። ቴርሞሜትር ይዘህ በየራኩ ፊት ከላይም ከታችም ለካ። ብዙ ጊዜ ላይኛው ነው የሚግለው፣ ሊፉ ደግሞ የሚታሰረው እዚያው ላይ ነው።

የራኩ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከፍታውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። 4 ስፓይን ብዬ ሰነዱን እያስተካከልኩ ነው። ከሊፍ ወደ ስፓይን ረጅሙ ርቀት 30 ሜትር አይሞላም። ስለ ኬብሉና ስለ አድራሻው የሚመክረኝ አለ?

አሽበርን_ማዶ፦
እዚህ ቨርጂኒያ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው የምሠራው፣ ይሄ የዕለት እንጀራዬ ነው። ለ30 ሜትር ኤስአር4 ትራንሲቨርና ኦኤም4 ፋይበር (ሁለቱም ለአጭር ርቀት የሚሆኑ) ይበቃሃል፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ኬብሉ ባለ 12 ክር ኤምፒኦ (ክሮቹን በአንድ መሰኪያ የሚይዝ) ነው። ልብ በል፣ ትራንሲቨሩ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ፒኖች አሉ፤ ስለዚህ ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ፒን የሌለው መሆን አለበት፣ የክሮቹ አቀማመጥ ዓይነትም ቢ። የፋይበር ጫፍ ማጽጃም ግዛ፣ አዲስ ከፕላስቲኩ የወጣ ኬብል እንኳ አቧራ አያጣም። ከሰርቨር ወደ ሊፍ በዚያው ራክ ውስጥ ስለሆነ የመዳብ ዳክ ኬብል (መሰኪያው በሁለቱም ጫፍ የተገጠመለት) ይሻልሃል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ለማኔጅመንት የተለየ ባለ 1 ጊጋ ስዊች አስገባ፤ ፋብሪኩ ሲወድቅ በምን ልትገባ ነው?

አድራሻውን አሁን ጻፈው። ለየመስመሩ /31 (ሁለት አድራሻ ብቻ ያለው)፣ ለየሎፕባኩ (የስዊቹ ቋሚ መለያ አድራሻ) /32 (አንድ አድራሻ)፣ ለስፓይኖቹ አንድ የጋራ ኤኤስ ቁጥር (ቢጂፒ የሚለይበት)፣ ለየሊፉ የየራሱ። ከ64512 እስከ 65534 ያለው ለግል የተተወ ስለሆነ ይበቃሃል። ቪኤክስላን በየፓኬቱ 50 ባይት ስለሚጨምር የፋብሪኩን መስመሮች ኤምቲዩ (የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን በባይት) ሁሉንም 9216 አድርግ። አንድ መስመር ላይ ብቻ 1500 ሆኖ ከቀረ ፒንግ እየሠራ ትልልቅ ፋይል ይቆማል፣ እሱን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ቀን ያስጨርሳል።

ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ኮንፊጉን ኮንቴይነርላብ (ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ሶፍትዌር) ላይ ሠርተህ ጨርስ። የኬብሉን ሠንጠረዥ ከየትኛው ፖርት ወደ የትኛው ብለህ አዘጋጅ፤ ዕቃው ተሰክቶ ሲበራ ኤልኤልዲፒ (ስዊቾች ጎረቤታቸውን የሚያውቁበት ፕሮቶኮል) ከሚያሳይህ ጋር መስመር በመስመር አመሳክረው። ከዚያ ማንም ተጠቃሚ ሳይገባ ትራፊክ እያሳለፍክ አንዱን ስፓይን ከፓወሩ ንቀለው፣ ስንት ፓኬት እንደጠፋ ጻፍ፣ ወደ ሌላው እለፍ። አራቱንም እንዲህ ሳታደርግ የርክክብ ወረቀት አትፈርም።