ክፉው ቀን ካለፈ በኋላም ምክንያቱ ካልገባን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሦስት ዓመት በሕመምና በሥራ ማጣት ካሳለፍኩ በኋላ አሁን ነገሮች ተስተካክለውልኛል። ያኔ ሰዎች «ለበጎ ነው፤ ነገ ይገባሃል» ይሉኝ ነበር። እነሆ ያ ነገ ደርሶ፣ ጤናዬም ሥራዬም ተመልሶልኝ ሳለ፣ ያለፈው ሁሉ ለምን እንደደረሰብኝ ዛሬም አልገባኝም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ በጨለማው ወራት ሌሊት እየተነሣሁ እጸልይ የነበርኩት ሰው አሁን ሳምንት ሙሉ ሳልጸልይ ማለፌ ነው። በእግዚአብሔር መታመን ማለት የኋላ ኋላ ምክንያቱን ማወቅ ማለት ነውን?

የመጀመሪያ መልስ፦
«ነገ ይገባሃል» የሚለው ማጽናኛ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም፣ ቅዱስ መጽሐፍ ያልሰጠውን ተስፋ ይሰጣል። በመጽሐፈ ኢዮብ ከምዕራፍ 38 ጀምሮ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ሲመልስለት፣ ስለ ምድር መሠረትና ስለ በረዶ መዛግብት ይጠይቀዋል እንጂ በምዕራፍ 1 ስለ ኢዮብ መፈተን በሰማይ በእግዚአብሔርና በሰይጣን መካከል የተደረገውን ንግግር አያነሣለትም። እኛ አንባቢዎቹ የምናውቀውን ምክንያት ለባለ ታሪኩ፣ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ከተመለሰ በኋላ እንኳ፣ ተነገረው የሚል ቃል የለም። በጆሮው ብቻ ይሰማው የነበረውን አምላክ አሁን እንዳየው ግን ራሱ ይመሰክራል።

ሁለተኛ መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው ያነሡት ሁለተኛው ጉዳይ የሚከብድ ይመስለኛል። ዐይንን የሚጋርደው ጨለማ ብቻ አይደለም፤ የበዛ ብርሃንም ይጋርዳል። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ለወንድሞቹ ቅናት ተዳርጎ ወደ ግብፅ ተሸጠ፣ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፤ በጥጋቡም ዘመን የበኵር ልጁን ምናሴ ብሎ የሰየመው እግዚአብሔር መከራዬንና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ሲል ነበር። ያን ቀን ቢጠየቅ ታሪኩ ያለቀ ይመስለው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ዳሩ ግን ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው በረሃቡ ሁለተኛ ዓመት፣ የረሳው ቤት እህል ፍለጋ ደጁ መጣ። እግዚአብሔር ከእናንተ በፊት ሰደደኝ ለማለት የቻለው ያኔ፣ ከተሸጠ ከ22 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጸሎትዎ መቀነሱም አዲስ ነገር አይደለም፤ በዘዳግም ምዕራፍ 8፣ 40 ዓመት በምድረ በዳ የተመራው ሕዝብ አምላኩን እንዳይረሳ የሚጠነቀቅለት ሰዓት በልቶ ከጠገበና መልካም ቤት ከሠራ በኋላ ያለው ነው።

ሦስተኛ መልስ፦
ማስተዋል ፈጽሞ አይገኝም ብለን ግን በሩን አንዝጋ። በመዝሙር 72 (በሌላው አቈጣጠር 73) መዝሙረኛው አሳፍ በኃጥኣን ሰላም ቀንቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የተረዳውም ኑሮው ሲቀየር ሳይሆን ወደ መቅደስ ሲገባ ነው። መዝሙር 87 (88) ደግሞ መልስ ሳያገኝ ያበቃል፤ ሆኖም ከጸሎት መጽሐፋችን አልወጣም። ያልገባዎትን ነገር ራሱን ጸሎት ቢያደርጉት ምን ይመስልዎታል?

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የምናሴ ስም ነገር ከልቤ ገብቷል። በሕመሜ ጊዜ አንድም ቀን ያልጠየቀኝ ወንድም አለኝ፤ እርሱን ረስቼ መኖሬን እስከ ዛሬ ፈውስ እያልኩ ስጠራው ኖሬያለሁ። ልደውልለት እንደሚገባ ገና አልወሰንኩም፤ ዛሬ ሌሊት ግን ስሙን በጸሎቴ አነሣለሁ።