ከሌላ አህጉር አምጥቶ መልቀቅ «ዞሮ ዞሮ ጥፋት» ነው?

የተባይ መርማሪ፦
ትናንት በዚሁ ቡድን ስለ ዛጎል ለበስ እንስሳት እርባታ ስንወያይ «ሕያው ፍጡርን ከሌላ አህጉር አምጥቶ መልቀቅ ዞሮ ዞሮ ጥፋት ነው፤ ጥናትም ፈቃድም አያድነውም» የሚል አስተያየት ተጽፎ ብዙ ድጋፍ ሲያገኝ አየሁ። ነገሩ ስለ ቀንድ አውጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር፤ ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ ዕድሜዬን የሰጠሁበትን ሙያ በአንድ ምት ስለሚጥለው ማለፍ አልቻልኩም። የካሳቫ ሚሊባግ፣ ካሳቫ የተባለውን የሥራሥር ምግብ ተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት፣ ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ ገብቶ በ1970ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከኮንጎ አካባቢ ተነሥቶ የተክሉን እምቡጥ እያኮማተረ ከአገር ወደ አገር ሲዛመት፣ አነስተኛ ማሳ ያለው ገበሬ የሚረጨው መድኃኒት አልነበረውም፤ ቢያገኝም ተባዩ ሰውነቱን በሰም መሰል ነጭ ዱቄት ስለሚሸፍን ኬሚካል በቀላሉ አይደርስበትም። ተመራማሪዎች ተባዩ ወደ ተፈጠረበት ምድር ሄደው ጠላቱን ፈለጉ፤ በ1981 ፓራጓይ ውስጥ አናጊረስ ሎፔዚ የምትባል እጅግ ትንሽ ጥገኛ ተርብ (እንቁላሏን በተባዩ ውስጥ የምትጥል፣ እጯም ከውስጥ እየበላ የሚገድለው) ተገኘች፤ በዚያው ዓመትም ናይጄሪያ ውስጥ ተለቀቀች። ከዚያ በኋላ ከሃያ በሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ሠፍራ ሚሊባጉን ለገበሬው ስጋት ከመሆን አወረደችው። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚህ ነው። ይህ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱን ያሳዩኝ።

የውኃ ልጅ፦
ዐረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልመለስበትምም። እርስዎ አንዲት ተርብ ጠቀሱ፤ እኔ ደግሞ ወርቃማውን የረግረግ ቀንድ አውጣ እጠቅሳለሁ። በ1980 ገደማ ለምግብ ተብሎ፣ ለአርቢዎች ገቢ ያስገኛል ተብሎ፣ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ታይዋን ተወሰደ፤ ከዚያም ወደ ፊሊፒንስና ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ተሻገረ። ገበያው ሳይወደው ሲቀር ከኩሬው ወጥቶ በመስኖ ቦይ አድርጎ ወደ ሩዝ ማሳ ገባ፤ ገና የተተከለውን ለጋ ሩዝ ከሥሩ እየቆረጠ የሚበላ ተባይም ሆነ። በ2020 ኬንያ ውስጥ በምዌያ የሩዝ መስኖ ተገኝቷል። እርባታ ተብሎ የተጀመረው ነገር በአርባ ዓመት ውስጥ በሁለት አህጉሮች የሰብል ተባይ ሆነ ማለት ነው። «ዞሮ ዞሮ» ያልኩት ይህንን መንገድ ነው፤ በኩሬ ጀምሮ በማሳ ያበቃል።

የተባይ መርማሪ፦
እንግዲያውስ በዚህ «ዞሮ ዞሮ» በሚለው ቃል ላይ እንቆይ፤ ክርክሩን በሙሉ የተሸከመው እርሱ ነውና። ዞሮ ዞሮ ማለት መቼ ማለት ነው? ተርቧ ከተለቀቀች አርባ ዓመት አልፏል። ሚሊባጉ በ2008 ታይላንድ ሲደርስ እንኳ ተርቧ ከቤኒን ተወስዳ እዚያ ተለቅቃለች። አርባ ዓመት ካልበቃ መቶ ዓመት ይበቃል? ማብቂያ የሌለው ቀጠሮ ማስረጃ አይሆንም፤ ሊመረመር የማይችል አባባል ነውና። ደግሞም ያነሡት ቀንድ አውጣ ማንም ሳይመረምረው በነጋዴ እጅ የተጓዘ፣ ያገኘውን ለምለም ሁሉ የሚበላ እንስሳ ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተት ፍትሕ አይደለም።

የውኃ ልጅ፦
ያልተመረመረ ስለሆነ ነው ካሉ፣ በባለሙያ እጅ የተለቀቀውን ልጥቀስ። ግዙፉ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ በፓስፊክ ደሴቶች ሰብል ሲያወድም፣ ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን አድኖ የሚበላው ዩግላንዲና ጠላቱ ይሆናል ተብሎ ወደ ብዙ ደሴቶች ተወሰደ፤ በ1977 ሞሬያ ደሴት ላይ ተለቀቀ። አዳኙ ግን የታቀደለትን ትልቁን ትቶ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙትን ጥቃቅን የዛፍ ቀንድ አውጣዎች፣ ፓርቱላ የሚባሉትን፣ በላ። በዐሥር ዓመት ውስጥ የሞሬያ ፓርቱላዎች ከዱር የጠፉ ያህል ሆኑ፤ ከሞላ ጎደል የተረፉት በእንስሳት ማቆያ ውስጥ የተያዙት ጥቂቶች ነበሩ። ይህን ያደረገው ነጋዴ አይደለም። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ኀዘን ይሰማኛል፤ የጠፋ ዝርያ ይቅርታ የሚጠየቅበት ደጅ የለውምና።

ኳራንቲን ክፍል፦
በኳራንቲን ላቦራቶሪ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ «ጥናትም ፈቃድም አያድነውም» የሚለውን የዐረፍተ ነገሩን ሁለተኛ ክፍል እንዳልፈው አይጠብቁኝ። አንዲት ጥገኛ ተርብ ከትውልድ አገሯ ስትመጣ ወዲያው አትለቀቅም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለበርካታ ትውልድ ትራባለች፤ ዓላማው ራሷን ተርቧን የሚያጠቁ ሌሎች ጥገኞችና በሽታዎች አብረው ሾልከው እንዳይወጡ ማጣራት ነው። ቀጥሎ ከተባዩ ጋር ዝምድና ያላቸው የአገሬው ነፍሳት አንድ በአንድ ይቀርቡላታል፤ መጀመሪያ ምርጫ ሳይሰጣት፣ ከዚያ ደግሞ ከተባዩ ጎን ለጎን፤ እንቁላሏን የት እንደምትጥልና እጯ በየትኛው ውስጥ እስከ መጨረሻው እንደሚያድግ ይመዘገባል። ዩግላንዲና እንዲህ ያለ ፈተና ቢቀርብለት ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት በወደቀ ነበር፤ ቀንድ አውጣ የተባለውን ሁሉ እንደሚበላ ለማወቅ ረጅም ጥናት አያስፈልግምና። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በ1995 የተፈጥሮ ጠላቶችን ስለ ማስገባትና ስለ መልቀቅ ሥርዓት ያጸደቀው፣ የባሕር ምርምርን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ምክር ቤትም በ1973 ለባሕር እንስሳት ተመሳሳይ ደንብ ያወጣው ያለፈው ስሕተት እንዳይደገም ነው። በ1935 የሸንኮራ አገዳን ጥንዚዛ እንዲበሉ ከሃዋይ ወደ አውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ የተወሰዱትን ጉርጦች የሚያነሣ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኛም ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የምናስተምረው ያንኑ ነው። ጥንዚዛው ከሸንኮራው ላይ ከፍ ብሎ ሲበላ ጉርጡ መሬት ላይ ቀረ፤ መርዙ ግን የበሉትን የአገሬውን አዳኝ እንስሳት ፈጀ።

የውኃ ልጅ፦
ስለ ሥርዓቱ ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ሆኖም ባለሙያ በእርግጠኝነት የተናገረው ሲፈርስ የታየበት ቦታ አለ። በ1962 እና 1963 መካከል የነበረው ብርቱ ክረምት በኔዘርላንድስ የአገሬውን ጠፍጣፋ ኦይስተር (ለምግብ የሚረባ የባሕር ዛጎል ለበስ) ከጨረሰ በኋላ፣ አርቢዎች በ1964 የፓስፊክ ኦይስተርን ኦስተርስኬልዴ ወደተባለው የአገሪቱ የባሕር ወሽመጥ አስገቡ። ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ አይራባም፣ ከአርቢው እጅ አይወጣም ተብሎ ነበር። በ1975 እና በ1976 በጋው ሲሞቅ እጮቹ በብዛት ሠፈሩ፤ ዛሬ ድንጋያማ ዳርቻዎችንና በሰሜን ባሕር ዳርቻ ያለውን የዋደን ባሕር ጭቃማ ሜዳ የያዘው እርሱ ነው። ላቦራቶሪው የሚፈትነው የዛሬን ውኃ ነው፤ የነገን ሙቀት ማን ይፈትናል? «ዞሮ ዞሮ» ስል ጊዜውን መቁጠር ስላቃተኝ አይደለም፤ ሁኔታው እንደሚለወጥና የተለቀቀው ግን እንደማይመለስ ስለማውቅ ነው።

ዛጎል አርቢ፦
የኦይስተር ነገር ከተነሣ እኔም የምለው አለኝ፤ ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ ይነገራልና። ፈረንሳይ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የፖርቱጋል ኦይስተር የሚባለውን በቫይረስ አጣች። በዚያን ጊዜ የፓስፊክ ኦይስተር ባይገባ ኖሮ የባሕር ዳርቻው አርቢ ሥራውን ዘግቶ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ አገሪቱ ከምታመርተው ኦይስተር እጅግ የሚበዛው ይኸው የመጣው ዝርያ ነው። የዋደን ባሕርንም በተመለከተ፣ ኦይስተሩ ሙስል የሚባሉትን የአገሬውን ዛጎሎች አፍኖ ያጠፋቸዋል ተብሎ ብዙ ተጽፎ ነበር። በኋላ ሲታይ ግን ሙስሎቹ በኦይስተሩ ክምር መካከል ተሸሽገው ከሸርጣንና ከወፍ ተርፈው ይኖራሉ፤ ሁለቱ አብረው አንድ መደብ ሠርተዋል። ጊዜ የሚገልጠው ጥፋትን ብቻ አይደለም።

የውኃ ልጅ፦
ከኦይስተሩ ጋር አብሮ የመጣውን ለምን ተዉት? ሳርጋሰም የሚባለው የጃፓን የባሕር አረም በአውሮፓ የተዛመተው ከኦይስተር ጭነት ጋር እንደሆነ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የአገሬውን ኦይስተር የፈጀው ኤም ኤስ ኤክስ የተባለው ጥገኛ ተውሳክም መነሻው እስያ እንደሆነ ተረጋግጧል። በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መመካትም ምን እንደሚያመጣ ፈረንሳይ ከ2008 ጀምሮ አይታለች፤ የሄርፐስ ቫይረስ ዓይነት ለጋ ኦይስተሮችን በጅምላ ገደለ። የአርቢውን እንጀራ አልንቅም፤ ነገር ግን አንዱ ዝርያ በበሽታ ወደቀ ተብሎ ሌላ የመጣ፣ እርሱም ሲታመም ሦስተኛ የሚፈለግ ከሆነ መቆሚያው የት ነው?

የቃል ሰው፦
ሁላችሁም ያለ ጥያቄ የተቀበላችሁት አንድ ነገር ከነከነኝ። በአንዳንድ መልሶች ውስጥ «የመጣ» እና «የአገሬው» የሚሉት ቃላት ፍርድ የተሰጠባቸው ያህል ይነገራሉ። ካሳቫ ራሱ ከደቡብ አሜሪካ በፖርቱጋል ነጋዴዎች እጅ ወደ አፍሪካ የገባ ተክል ነው፤ በቆሎም ከአሜሪካ የመጣ ነው። የውኃ ልጅ ዐረፍተ ነገር በቃሉ ከተወሰደ ጥፋት የተባለው ገበሬው የሚበላው ምግብ ጭምር ይሆናል። መጤ ተብሎ የሚወገዝ ነገር በምን እንደሚለይ መጀመሪያ ይነገረን።

የውኃ ልጅ፦
በካሳቫና በዩግላንዲና መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ካሳቫ ገበሬው ካልተከለው በማሳው ላይ አይቆይም፤ እኔ የምናገረው ከተለቀቀ በኋላ የሰው እጅ ስለማይፈልግ ፍጡር ነው። «መልቀቅ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ «መትከል» አላልኩም። ቃሌን ስትይዙ ሙሉውን ያዙት።

የተባይ መርማሪ፦
ሙሉውን ይዤዋለሁ፤ የምቃወመውም ሙሉውን ነው። የሰው እጅ አለመፈለጓ የተርቧ ጉዳት ሳይሆን ዋና ጥቅሟ ነው። ገበሬው አይገዛትም፣ አይረጫትም፣ መኖሯንም ላያውቅ ይችላል፤ ሚሊባጉ ሲበዛ ትበዛለች፣ ሲያንስም ታንሳለች፤ የምትበላው እርሱን ነውና። የናይል ፐርችን በቪክቶሪያ ሐይቅ ብታነሡብኝ ኖሮ እቀበል ነበር፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተለቀቀ ትልቅ አዳኝ ዓሣ ሲክሊድ የሚባሉትን የሐይቁን ትንንሽ ዓሣዎች ብዙ ዝርያ ጨርሷል፤ ቅባት ስለሚበዛበትም በፀሐይ ከማድረቅ ይልቅ በጭስ ማዘጋጀት ስላስፈለገ የዳርቻው ዛፍ ሳይቀር ተጨፍጭፏል። የሚለያያቸው የመጡበት ርቀት ሳይሆን የሚበሉት ነገር ስፋት ነው።

የማሳ ሐኪም፦
ሁለታችሁም የዘነጋችሁትን ላስታውስ። መጤው ተምች በ2016 ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ከታየ በኋላ ጥቂት ዓመት ሳይሞላው አብዛኛውን አህጉር ሲያዳርስ፣ ጠላቱን ከውጭ እናምጣ የሚለው ሐሳብ ወዲያው ተነሣ። እንቁላሉን የምታጠቃው ቴሌኖመስ ሬመስ የተባለች የእስያ ተርብ ከታጩት አንዷ ነበረች፤ ነገር ግን በ2019 እንደተገለጠው ተርቧ በቤኒን፣ በኮትዲቯር፣ በኒጀር፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ቀድማ ተገኘች። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በተደረገ ቅኝትም የአካባቢው ጥገኛ ተርቦች መጤውን ተምች ማጥቃት መጀመራቸው ታየ። ስለዚህ ከሩቅ ከመሻታችን በፊት በማሳው ውስጥ ያለውን የማየት ግዴታ አለብን፤ በዚህ ከውኃ ልጅ ጋር ነኝ። ምንም አለመልቀቅ ግን ንጹሕ ምርጫ ነው ከተባለ አልስማማም፤ ተርብ በሌለበት ማሳ ላይ የሚደርሰው ኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉ ደግሞ የአካባቢውን ተርቦች ሳይለይ ይገድላል።

ኳራንቲን ክፍል፦
የማሳ ሐኪም ያነሡት ለዝርያ መለየት ያለውን ክብደት ያሳያል። የካሳቫ ሚሊባግ ጠላት ሲፈለግ መጀመሪያ በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የተገኘው ሚሊባግ የሚመስለው ሌላ ዝርያ ነበር፤ የእርሱም ጥገኞች ለአፍሪካው አልሠሩም። በዓይን የማይለዩትን የሚለይ የምደባ ባለሙያ ባይኖር ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይቀር ነበር። የምሰጋው የፈተናው ሥርዓት ስለሚጎድል አይደለም፤ ሥርዓቱን የሚሠሩት ሰዎች በየተቋሙ እየቀነሱ ስለሆነ ነው።

የውኃ ልጅ፦
ይህን ስለተናገሩ አከብርዎታለሁ፤ ለእኔ ግን የራሴን ነጥብ የሚያጠናክር ነው። የሚፈትኑት ሰዎች እያነሱ ከሄዱ ፈቃዱ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ምን ዋጋ አለው? በአሜሪካ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የአገሬው ኦይስተር ሲመናመን የእስያውን ሱሚኖኤ ኦይስተር እናስገባ የሚል ሐሳብ ለዓመታት ተጠንቶ በ2009 ውድቅ ሆነ፤ የአገሬውን ማገገም ይሻላል ተባለ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ተቋም ሲገኝ ደስ ይለኛል። በሌላው ቦታ ሁሉ ግን በሩ ዝግ ይሁን እላለሁ።

የተባይ መርማሪ፦
ቼሳፒክ የተወሰነው በጥናት ነው፤ እርስዎ ደግሞ ጥናት አያድነውም ብለው ነበር። አንዱን ይምረጡ።

የውኃ ልጅ፦
ጥናቱ ያዳነው ባለመልቀቅ ነው። የጻፍኩት «መልቀቅ» ዞሮ ዞሮ ጥፋት ነው ብዬ ነው፤ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

ዛጎል አርቢ፦
እንግዲያው ውኃችን ውስጥ ሃምሳ ዓመት የኖረውን ኦይስተር ምን እናድርገው? እስካሁን ማናችሁም አልመለሳችሁልኝም።