ሕግ እየተማርኩ ኮዱን ልተው እንዴ?

ሦስተኛ ዓመት፦
ሰላም ወገን። የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ማታ ማታ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ እነካካለሁ። ባለፈው ለቤት ሥራ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ። «ህግ» ብዬ ስጽፍ የሚመጣውና «ሕግ» ብዬ ስጽፍ የሚመጣው ለየቅል ነው። ስካን የሆነውማ ፎቶ ነው፣ ጭራሽ አይፈለግም። ተናደድኩና ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ ፊደል የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሠራ! ለአንድ መምህር ሳሳየው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለኝ። ሁለቱን ይዞ የዘለቀ የሕግ መምህር የለም?

ጋሽ ጠበቃ፦
አለ እንጂ ልጄ። አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ፒተር ማርቲን። የሕግ ፕሮፌሰርም የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲንም ነበሩ። በ1992 እ.ኤ.አ. ከቶማስ ብሩስ ጋር ሊጋል ኢንፎርሜሽን ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ያኔ ሕግ በኮምፒውተር ማንበብ የፈለገ ሌክሲስ ወይም ዌስትሎው ለሚባሉት የሕግ መረጃ ሻጮች ይከፍላል። ማርቲንና ብሩስ ግን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቀቁት።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። የዚያን ጊዜ ብራውዘሮች፣ ማለትም የድረ ገጽ መክፈቻዎች፣ የተሠሩት በዋናነት ዩኒክስ የሚባል ሥርዓት ላላቸው ኮምፒውተሮች ነበር። የጠበቃ ጠረጴዛ ላይ ያለው ደግሞ ዊንዶውስ! ሕጉ ተጭኗል፣ አንባቢው መክፈቻ የለውም። ስለዚህ ብሩስ በ1993 «ቼሎ»ን ጻፉ፤ ለዊንዶውስ የመጀመሪያው ብራውዘር። ልብ በል፣ ኮዱን የጻፉት ፕሮፌሰሩ አይደሉም። ማርቲን በኋላ በኢንተርኔት የሌሎች ሕግ ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች ጭምር የቅጂ መብት ሕግ አስተምረዋል።

ኮድ በጠዋቱ፦
ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ማርቲን ይህን ሲጀምሩ ወንበርም ደሞዝም ነበራቸው። ይሄ ልጅ ገና የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ እሱን እለፍ። ፕሮግራሙን ግን እንዳትጥለው። ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን፣ አ እና ዐንም ጨምር። ለስካኑ ቴሰራክትን ሞክር፤ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ፕሮግራም ነው፣ አማርኛም ያነባል። ቁጥሮቹን ግን በዓይንህ አመሳክር።

ጋሽ ጠበቃ፦
በፈተናው እስማማለሁ። ግን ነገሩን እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ አትዩት። ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። እኔ ራሴ አንዱ አምልጦኝ ችሎት ፊት ቆሜያለሁ። የተከራካሪዬ ጠበቃ ቅጹንም ገጹንም ሲጠራ ላብ አጠመቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ ነበር እኮ! የጻፍኩት በሌላው «ሀ» ነበር መሰለኝ።

ሦስተኛ ዓመት፦
ጋሼ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ይቅርታ። ማታ ፊደሎቹን ጨመርኳቸው። «ፀሐፊ»ና «ጸሐፊ» አሁን አብረው ይመጣሉ። ቴሰራክትን ደግሞ አንድ የውል ክርክር ላይ ሞከርኩት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731ን 1781 ብሎ አነበበልኝ።