በነሐሴ ወደ ዮርዳኖስ ለሚደረግ የቡድን የእግር ጉዞ ሙቀቱን እንዴት እንዘጋጅበት?

ጥያቄ (ከሱሉልታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእንጦጦ ጫካ በእግር የምንጓዝ የሰፈር ሰዎች ስንሆን፣ በነሐሴ መጀመሪያ በቡድን ወደ ዮርዳኖስ ለመሄድ ቀብድ ከፍለናል። በተላከልን መርሐ ግብር መሠረት በደረስን ማግስት ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጥንታዊቷን የፔትራ ከተማ እንጎበኛለን፤ ከ800 በላይ ደረጃዎችን ወጥተንም ኤድ ዴር የተባለውን ከዐለት የተፈለፈለ ሕንፃ እናያለን። በሚቀጥለው ቀን ወደ ሙት ባሕር እንወርዳለን። ከመካከላችን ሁለት እናቶች የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ አብዛኞቻችንም ፍልሰታን እንጾማለን። እንጦጦን የሚወጣ ሰው ሙቀት አያሸንፈውም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ (የጤና ባለሙያ፣ ከሰበታ)

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። የደጋ ጉዞ ልብንና ሳንባን ያጠነክራል፤ ሙቀትን መልመድ ግን ሰውነት ከ7 እስከ 14 ቀን በሙቀት ውስጥ እየተንቀሳቀሰ የሚያዳብረው ሌላ ችሎታ ነው። በዚያን ጊዜ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላብ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽም ይጨምራል። ከሱሉልታ ክረምት በቀጥታ የሚመጣ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያሠጋኝ፣ ጉልበቱን ተማምኖ ከፊት የሚቀድመው ወጣት ነው፤ ጡንቻ በሠራ ቁጥር ከውስጥም ሙቀት ያመነጫልና።

እናቶች እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በቶሎ ፈሳሽ ሊያጥራቸው ይችላል። መድኃኒቱን በራሳቸው ማቋረጥ የለባቸውም፤ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

አንድ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ላቡ ባይቆምም እንኳ ሂት ስትሮክ (ሰውነት ከመጠን በላይ ግሎ አንጎልን የሚያውክበት አደገኛ ሕመም) ነው ብላችሁ ተነሡ። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልማድ ያስፈራኛል፦ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይፈለጋል፣ ታማሚው በጋቢ ተሸፍኖ እንዲያልበው ይደረጋል። በሂት ስትሮክ ጊዜ ይህ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ወዲያው ወደ ጥላ ወስዳችሁ ልብሱን አቅልሉለት፣ መላ ሰውነቱን በውኃ እያራሳችሁ አራግቡለት፣ በረዶ ከተገኘም አንገቱና ብብቱ ላይ አድርጉለት። አንዳችሁ ወደ ዮርዳኖስ የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ስትደውሉ ሌላው ማቀዝቀዙን አያቋርጥ። ፓራሲታሞል አይረዳውም፤ ራሱን ለሳተ ሰውም በአፉ ውኃ አይሰጥም።

መልስ (የጉዞ አስተባባሪ፣ ከቡራዩ)

መርሐ ግብሩን ሳትቀበሉ አስቀይሩት። የዮርዳኖስ ሰዓት ከ2022 ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የፔትራ በርም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። በዚያ ሰዓት ከገባችሁ፣ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ሲቅ የተባለ ጠባብ የገደል መተላለፊያ በጥላ ታልፉታላችሁ፣ ደረጃውንም ዐለቱ ሳይግል ትወጣላችሁ። በ4 ሰዓት የጀመረ ቡድን ግን ደረጃው ላይ የሚገኘው በቀትር ነው። ፔትራ ወደ ጉዞው መጨረሻ ቢዘዋወር፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አጫጭር የማለዳ ጉዞዎች ይሆኑላችኋል። ሙት ባሕር ከባሕር ጠለል በታች ከ400 ሜትር በላይ የሚወርድ በመሆኑ በነሐሴ ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ እዚያ በቀን የእግር ጉዞ አታስቡ።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ ከ1,300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሁላችንም ሰምተናል። የሳዑዲ መንግሥት እንዳስታወቀው፣ አብዛኞቹ ፈቃድ ስላልነበራቸው ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ።

መልስ (ከለገጣፎ)

ስለ ጾሙ ማንም አላነሣም። እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ ደረጃ መውጣት በዚያ ሙቀት አይሞከርም። የሚጾሙት በሐምሌ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ፤ ሰዓቱን የሚያጠብቅ ሰው ካለ በዚያ ቀን ሆቴል ይቆይ፣ ወይም ጉዞው ከነሐሴ 16 በኋላ ይሁን። ኦአርኤስ (በላብ የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካው፣ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) የጾም ነው ወይ ለሚሉም፣ ግሉኮስና ጨዎች እንጂ የፍስክ ነገር የለበትም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድርጅቱ ሰዓቱን ለማስተካከል ተስማምቷል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመውጣታችን በፊት ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ብንጠጣ ይጠቅመናል?

መልስ (የጤና ባለሙያ፣ ከሰበታ)

አይጠቅማችሁም። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር፣ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው እየተጎነጫችሁ ሂዱ። ያለ ጨው ብዙ ሊትር ውኃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያሳንሳል፤ ራስ ምታትና ማስታወክ ያመጣል፣ ሲብስም ያንዘፈዝፋል። ስለዚህ ጨው ያለው ቁርስ ብሉ፤ ኦአርኤሱንም ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የሚበጠበጠው።