በግቢያችን ስለ አካባቢ የሚናገሩ ዘጋቢ ፊልሞችን በነጻ ለማሳየት ምን እናዘጋጅ?

የጣና ዳር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እኔና አራት የክበብ ጓደኞቼ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ስለ አካባቢ የሚናገሩ ዘጋቢ ፊልሞችን ለተማሪውም ለሰፈሩ ሰውም በነጻ ልናሳይ አስበናል። 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተፈቅዶልናል። ፕሮጀክተር አለ፤ መጋረጃው ግን ተቀዷል፤ ድምፅ ማጉያውም ይንጫጫል።

የቸገረኝ ሌላ ነው። ያገኘናቸው ፊልሞች ሁሉም እንግሊዝኛ ናቸው። ከኢንተርኔት አውርዶ በአዳራሽ ማሳየት በሕግ ያስጠይቅ እንደሆነም አላወቅንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ይመጣልን? ባለፈው ዓመት ሌላ ክበብ ባዘጋጀው ተመሳሳይ ማታ የተገኘነው ዘጠኝ ብቻ ነበርን፤ ከዘጠኙ አምስቱ አዘጋጆቹ ነበሩ።

ያደግሁት ደምቢያ ነው። አጎቴ እምቦጭን ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ ዓመታት አልፈዋል። እኔ የምማርበት ክፍል ከሐይቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከክፍል ጓደኞቼ ግን አረሙን በቅርብ ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የሐረማያ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የተማሪነት ዘመኔ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በተማርሁበት ግቢ ይህንኑ ሥራ ስንሠራ ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልች።

መጀመሪያ ቅዳሜን ተዉት። ቅዳሜ ማታ ተማሪው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለማየት ይወጣል፤ የቀረውም ልብስ ያጥባል ወይም ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። እኛ ወደ ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት፣ ራት ተበልቶ ሰዉ ከካፌ ሲወጣ፣ ባዛወርነው ሳምንት ከ11 ሰው ወደ 60 ከፍ አልን። መንገዳቸው ላይ ጠበቅናቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ የፊልም ምርጫ። በመጀመሪያው ማታ ስለ ሰሜን ዋልታ በረዶ መቅለጥ የሚናገር ፊልም አሳየን። ሥራው ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ ሰው ወጣ። በሦስተኛው ማታ ስለ አራል ባሕር የሚናገር አጭር ፊልም አገኘን። በሶቪየት ዘመን አሙ ዳሪያና ሲር ዳሪያ የሚባሉት ሁለቱ ወንዞች ለጥጥ እርሻ ተጠልፈው ባሕሩ እየሸሸ ሄደ። ሙይናቅ በምትባለው የኡዝቤኪስታን ከተማ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት መርከቦች አሸዋ ላይ ቀሩ። ያ የዛገ መርከብ ግድግዳችን ላይ ሲታይ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከግቢው ብዙም ሳይርቅ፣ እኔ በልጅነቴ ዳሩ ላይ ቆሜ ዳክዬ የቆጠርሁበት የሐረማያ ሐይቅ በዚያ ጊዜ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበርና።

በኋለኛው ረድፍ የአንድ የግቢ ሠራተኛ አባት የሆኑ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ተነሡና በአፋን ኦሮሞ ተናገሩ፤ አንድ ተማሪ እየተከተለ ወደ አማርኛ መለሰልን። በወጣትነታቸው በሐይቁ ላይ በጀልባ ይሻገሩ ነበር። በኋላ ፓምፕ ገዝተው የጫትና የድንች ማሳቸውን ከዚያው አጠጡ፤ ጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው። የሐረር ከተማም የመጠጥ ውኃዋን ከሐይቁ ትቀዳ ነበር። ዛፍ ካጣው ኮረብታ ደግሞ ደለል እየወረደ ከታች ሞላው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ውኃው አለቀ። «ማንንም አልከስም፤ እኔም ቀድቻለሁ» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ተማሪ ስለ አራል አልጠየቀም፤ «ጫቱን የምንቅመው እኛ አይደለንም ወይ?» አለ። ፊልሙ 50 ደቂቃ ነበር፤ ውይይቱ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጥበቃዎቹ መጥተው አስወጡን።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ፊልሙን ከመምረጥህ በፊት ከፊልሙ በኋላ የሚናገረውን ሰው ምረጥ፤ ፊልሙን ለእርሱ ፈልግለት። አጎትህ አሉልህ!

ቋንቋውን በተመለከተ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ በማይክሮፎን በአማርኛ ተርኩት። ሦስት ሆነን ፊልሙን ሦስት ጊዜ እናይ ነበር፤ ደቂቃውን በኅዳጉ እያሰፈርን ትርጉሙን በደብተር እንጽፋለን። መጀመሪያ ላይ «ሥርዓተ ምኅዳር» እያልን ስናነብ ሰዉ ዓይኑ ይፈዝ ነበር። «ውኃው፣ ሣሩ፣ ዓሣውና ሰዉ አንዱ በሌላው የሚኖርበት» ስንል ግን ሁሉም ገባው። ተርጓሚው ዝም ማለትንም ይወቅ፤ ወፏ ስትጮህ ወፏ ትሰማ።

ለመጋረጃ አትጨነቁ፤ ነጭ አቡጀዲ ግዙና አሰፉት። ፊልሙን በፍላሽ ብቻ አትያዙ፤ ላፕቶፑም ላይ ይኑር። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሰዉን አትበትኑ። አንድ ማታ ፊልሙ ሩብ ሲቀረው ጠፋብንና በጨለማ ውይይት ጀመርን። ከዚያ በፊት እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ሴት ተማሪዎች በብዛት የተናገሩት ያን ማታ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናንተ የሚስማማ የሚመስለኝ በቡርኪና ፋሶው ገበሬ በያኩባ ሳዋዶጎ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፊልም ነው። ሰውየው በበጋ በደረቀው መሬት ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ፍግ ይጨምራል፤ ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ የምስጡ መተላለፊያ የዝናቡን ውኃ ወደ ታች ያስገባል። ጎረቤቶቹ እብድ ብለውት ነበር። የደምቢያ ገበሬ ይህን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። ስለ ዋንጋሪ ማታይም እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራ ጥሩ ፊልም አለ፤ ከኬንያ ሴቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረችውን የችግኝ ተከላ ያሳያል።

ከሚኒሶታ፦

እዚህ አሜሪካ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሚያዝያ ላይ የምድር ቀን ሲደርስ እንዲህ ያሉ ነጻ ማታዎችን እናዘጋጃለን፤ ስለዚህ የፈቃዱን ነገር እኔ ልመልስ።

መግቢያ አለማስከፈላችሁ ፈቃድ ከመጠየቅ አያድናችሁም። እዚህ አገር መምህር በክፍሉ ውስጥ ለተማሪዎቹ ለትምህርቱ ሲያሳይ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ክበብ በአዳራሽ ለሕዝብ ሲያሳይ ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለቤቱ መሆኑን ይደነግጋል።

አትፍሩ ግን፤ ጻፉላቸው። አጭር ደብዳቤ ይበቃል፤ እነማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ወንበር እንዳለ፣ ገንዘብ እንደማይሰበሰብ፣ በአማርኛ እንደምትተርኩት ግለጹ። እኔ የጻፍሁላቸው አነስተኛ የፊልም ሠሪዎች አብዛኞቹ በደስታ ፈቅደዋል፤ አንዷ እንዲያውም የተሻለ ጥራት ያለውን ቅጂ ላከችልን። ኔትፍሊክስም ከራሱ ዘጋቢ ፊልሞች መካከል አንዳንዶቹን ለትምህርት ዓላማ በነጻ እንዲታዩ ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ በየፊልሙ ገጽ ላይ ይጻፋል።

መምህር ከደሴ፦

ልጄ፣ ሐሳባችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ጂኦግራፊ ሳስተምር 26 ዓመቴ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ።

ስለ አገራችን የተሠሩ ብዙ ፊልሞች «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የኢትዮጵያ መሬት ደን ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀርቷል» ብለው ይጀምራሉ። እኔም ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ለ40 በመቶው አስተማማኝ መነሻ አላገኙለትም፤ የጥንት ተጓዦች ማስታወሻዎችና አሮጌ ፎቶግራፎችም በብዙ የሰሜን ቦታዎች ገላጣ መሬት ያሳያሉ። የደን ትርጓሜ ከተሻሻለ በኋላ መንግሥት ያወጣው አኃዝም 15.5 በመቶ ነበር። ደኑ አልተጨፈጨፈም ማለቴ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ሲያውቅ ቀሪውንም እውነት አብሮ ይጥለዋል። ከየፊልሙ በፊት አንድ መምህራችሁ ቁጥሮቹን እንዲያይላችሁ አድርጉ።

የጣና ዳር ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርስዎን ምክር፣ መምህር፣ ለክበባችን አባላት በሙሉ አንብቤላቸዋለሁ፤ የዕፅዋት መምህራችን ቁጥሮቹን ሊያዩልን ተስማምተዋል። የሐረማያዋ እህቴ፣ ቀኑን ወደ ሐሙስ አዛውረናል። ለሳዋዶጎ ፊልም ባለመብቶች ትናንት ማታ ጽፈናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። አቡጀዲውን ዛሬ ከገበያ ገዛሁ፤ የአንዲት ጓደኛችን እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያለ ዋጋ ሊሰፉልን ነው።

አጎቴ ጋም ደወልሁ። መጀመሪያ «እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ምን እናገራለሁ?» ብለው እምቢ አሉ። የሽማግሌውን ነገር ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እመጣለሁ» አሉኝ።

የሐረማያ ልጅ፦

ደስታዬ ወደር የለውም! በመጓጓዣ እንዳይቸገሩ፣ የሚያድሩበትንም አስቡላቸው። ፊልሙ ሲጀመር ከፊት አታስቀምጧቸው፤ ሰዉ መሐል ይሁኑ።

የጣና ዳር ልጅ፦

እኔ ዘንድ ያድራሉ። ዛሬ ጠዋት ራሳቸው መልሰው ደውለው «ልጆቹ እንዲያዩት እምቦጩን በጆንያ ይዤ ልምጣ?» አሉኝ። ከአንዲት ቁራጭ ግንድ እንደሚራባ፣ ፍሬውም ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት እንደሚቆይ ነገርኋቸውና ተውነው። በምትኩ ሲነቅሉ የሚለብሱትን ቁምጣ ሱሪ ይዘው ይመጣሉ፤ እስከ ወገቡ ድረስ የውኃው ምልክት አለበት።